መልስ፦ ስለ አያትህ የአንበሳ ፎቶ

ወንድሜ፣ «ይህ አንበሳ የስድስት ኪሎው ነው ወይስ የቤተ መንግሥት?» ብለህ ጠይቀሃል። የስድስት ኪሎው የአንበሶች መጠበቂያ፣ አንበሳ ግቢ፣ የተመሠረተው በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ነው። ግን አንበሳ በቤተ መንግሥትም ይኖር ነበር። ስለዚህ ከአንበሳው በፊት ዙሪያውን እይ። የብረት ፍርግርግና ተሰልፎ የሚያይ ሕዝብ ካለ ወደ ስድስት ኪሎ ያደላል፤ በሰንሰለት ታስሮ አጠገቡ ባለካባ ሹም ከቆመ ግን ወደ ቤተ መንግሥት ያደላል።

ጎፈሩንም ተመልከት። የአንበሳ ግቢዎቹ ጎፈር ጠቆር ያለ ሆኖ በደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የ15 የአንበሳ ግቢ አንበሶችን ዘረመል መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ጎፈር ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የቤተ መንግሥቶቹም ያው የአገራችን አንበሶች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ጀርባውን አንብብ። የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ፎቶው ከክፈፉ መስታወት ጋር ተጣብቋል ብለሃል፤ እባክህ አትላጠው! እኔ እዚህ ቡራዩ፣ ክረምት ላይ፣ የአባቴን ፎቶ ስቤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀረ፤ እጄ ላይ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። እንዳለ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከመስኮት አጠገብ ትንሽ አዘንብለህ በስልክ አንሳው። ከዚያ ጀርባውንም አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን።