በሬው ይቅር፣ አንድ ሰዓት ይስጡሽ

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። አንቺ እትዬ ብለሽ ስለጀመርሽ እኔም ልጄ እያልኩ ልመልስልሽ።

ደብዳቤውን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊዋ ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ናት። በሚመጣው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። ሐሳቧ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ነው። ግን ያለፈ ዓመት የእንግሊዝኛ ፈተና አግኝታ ቤቷ ስትሠራ ከመቶ 38 አመጣች። አባቷ ይህን ሲሰሙ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው፣ ለክረምቱ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተውላት፣ ቱቶሪያል ሊያስገቧት ቆርጠዋል። አጎቷ ደግሞ "እንግሊዝኛ ተምረሽ ሥራ አታገኚም፣ አካውንቲንግ ግቢ" ይሏታል። ጓደኛዋ አንድ ሺህ ቃል የያዘ ዝርዝር ሰጥታ ሸምድጂው ብላታለች። የማንን ልስማ ነው ጥያቄው።

ሌላውን ሁሉ ላቆየውና ከበሬው ልጀምር። በሬው ይቅር። አይሸጥ።

እኔም የሰሜን ሸዋ ገበሬ ልጅ ነኝ። ያደግሁት እነዋሪ አካባቢ ነው። 12ኛ ክፍል ልገባ ስል የእኔም አባት በሬ ሸጠው ለእንግሊዝኛ ትምህርት ከተማ ላኩኝ። ሁለት ወር ተቀመጥኩ። ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሰሌዳው አይታየውም። አስተማሪው የሰዋስው ደንብ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። ወፍራም ደብተር ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሱ። ተራው የእኛ እስኪሆን ዝናቡ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። አንድም ቀን ግን አልወቀሱኝም። ያ ደብተር ዛሬም እጄ ላይ አለ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ምንባብ የለበትም።

ስለዚህ ደብዳቤሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። ሰኔ ላይ በሬ የሚሸጥ ገበሬ መኸሩን አብሮ ነው የሚሸጠው። ይህን አባትሽም ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ፍርሃታቸውም ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። በ2017 ከፍ አለ ሲባል እንኳ 8.4 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ አባት ያለውን ቢያወጣ አይፈረድበትም። እኔ የምጠይቀው ግን ገንዘቡ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለውን ነው።

የሠራሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ስለላክሽልኝ በጣም ጠቅሞኛል። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየሁት። ሰዋስው ላይ፣ ለምሳሌ ኢፍ ክሎዝ ላይ፣ ጎበዝ ነሽ። ፓሲቭ ቮይስም፣ ሪፖርትድ ስፒችም አብዛኛውን አግኝተሻል። ምንባቦቹ ላይ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ስተሻል። በዚያ ላይ ጊዜ አልቆብሽ የመጨረሻውን ምንባብ ሳታነቢ አጥቁረሽዋል። ቱቶሪያሉ የሚሰጥሽ ደግሞ ያንኑ ያለሽን ነገር ነው፤ ደንብ፣ ወርክሺት፣ ሾርት ኖት፣ የወርክሺቱ መልስ። የጎደለሽ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናገር ነበር። ሒሳብ ላይ የጠፋብሽን አንድ እርምጃ የሚያሳይ ሰው ዋጋ አለው። ማንበብን ግን ማንም ሰው ቆሞ አያነብልሽም።

ለምን እንዲህ እንደሆነም አውቃለሁ። ለብዙ ዓመታት በዚሁ ዞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ምንባቡን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ በአማርኛ ሐሳቡን እነግራለሁ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ መልመጃው። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ነው፣ ደወሉ ደርሷል። ተማሪው ሐሳቡን ከእኔ አፍ በአማርኛ ሰምቶ ነው መልሱን የሚሞላው። ፈተናው ላይ ግን እኔ የለሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የአንቺም መምህር እንዲሁ የሚያደርጉ ይመስለኛል።

ከስህተቶችሽ አንዱን ዓይነት ላሳይሽ። ምንባቡን እዚህ አልደግመውም፣ የራሴን ምሳሌ በአማርኛ ልስጥሽ። "ገበሬዎቹ ባሕር ዛፍ የተከሉት መሬቱ ለም ስለሆነ ሳይሆን ለእህል ስለደከመ ነው" የሚል ዐረፍተ ነገር አለ እንበል። ጥያቄው ለምን ተከሉ ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ "መሬቱ ለም ስለሆነ" ነው። ሌላው "መሬቱ እንደ ቀድሞው ሰብል ስለማይሰጥ" ይላል። አንቺ የመጀመሪያውን ትመርጫለሽ። ለምን? ቃሉን ምንባቡ ውስጥ ስላየሽው። ሁለተኛው በሌላ ቃል ስለተጻፈ እንግዳ ሆነብሽ። ፈታኙ ይህን አውቆ ነው ያስቀመጠው። ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ልብሱን ቀይሮ ነው የሚመጣ።

ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በቀጥታ ያልተጻፈውን የሚጠይቀው ነው። "ከዚህ ምን እንረዳለን" የሚለውን ጥያቄ በሙሉ ስተሻል። ልጄ፣ ይህን ችሎታ ግን አጥተሽው አይደለም። እናትሽ ጠዋት ወደ ጎረቤት ቤት አይተው "ዛሬ ጭስ አይታይም" ቢሉ ምን ይገባሻል? ስለ ጭስ እያወሩ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ሰዎቹ ደኅና አልሆኑ ይሆናል፣ ሄደሽ እያቸው ማለታቸው ነው። ማንም ሳያስተምርሽ ከተባለው ውስጥ ያልተባለውን አውጥተሻል። ፈተናው የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ቃሉ ላይ ስለምትታገዪ ጭሱን ታያለሽ፣ ጎረቤቱን ግን ትረሺዋለሽ።

እና ምን ታደርጊ? ከ9ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ጀምሪ። አትፈሪው፣ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ምንባቦቹን ብቻ በየቀኑ አንድ አንድ ውሰጂ። መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሳትነኪ እስከ መጨረሻ አንብቢው። ያልገባሽ ቃል ሲመጣ አትቁሚ፣ እለፊው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተሽ ስለምን እንደሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፊ። በአማርኛ ስልሽ አትገረሚ። እንግሊዝኛ መቻልሽን ሳይሆን ሐሳቡን መያዝሽን ነው የምንፈትሸው። ከዚያ ድጋሚ አንብቢ። አሁን ሐሳብ የሚያዞሩትን ቃላት አክብቢ፤ ሃውኤቨር (ሆኖም)፣ ኦልዞው (ምንም እንኳ)፣ አንለስ (ካልሆነ በቀር)፣ ዲስፓይት (ቢሆንም)። ብዙ ተማሪ አንድን አንቀጽ ገልብጦ የሚረዳው እነዚህን ስለሚዘላቸው ነው። ቀጥሎ ወደ ጥያቄዎቹ ግቢ። ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃ የሚሆነውን መስመር በእርሳስ አስምሪበት። መስመሩን ካላገኘሽ መልሱን አልመለስሽም፣ ገምተሽ ነው። ምርጫ ያለው ጥያቄ ከሆነ የቀሩት ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑም ጻፊ። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው።

መጀመሪያ አንድ ምንባብ አንድ ሰዓት ይፈጅብሻል። ጳጉሜን ሲደርስ ግማሽ ሰዓት የሚበቃሽ ይመስለኛል። 9ኛና 10ኛን በክረምቱ ከጨረስሽ መስከረም ላይ 11ኛውን፣ ከዚያ 12ኛውን ከክፍልሽ ጋር ትሄጂበታለሽ። ያለፉትን ዓመታት ፈተና አሁን አትጨርሺው። ከጥር በኋላ ሰዓት ይዘሽ የምትሠሪው ይሁን። ስልክሽ ላይ ኢንተርኔት በሚኖርበት ቀን ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች በነፃ የሚያቀርባቸውን አጫጭር ዝግጅቶች ከነጽሑፋቸው አውርጂ። ከተማ የሚወጣ ሰው ካለ የቆየ ኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ ያምጣልሽ። ዜናው ቢያረጅም እንግሊዝኛው አያረጅም።

ጥቅሙ በእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አያበቃም። አፕቲትዩድ የሚባለው የማመዛዘን ችሎታ ፈተናም ውስጥ የቋንቋ ጥያቄ አለ። ታሪክና ጂኦግራፊም የሚቀርብልሽ በእንግሊዝኛ ነው። የታሪክ መልሱን እያወቅሽ ጥያቄው ሳይገባሽ የጣልሽው ነጥብ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። "ማታ ውኃ ቀድቼ፣ እንጀራ ጋግሬ፣ ከብት አስገብቼ ስጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል" ብለሻል። ሁለት ወንድሞች እንዳሉሽም ጽፈሻል። ልጄ፣ ያንቺ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ለአባትሽ ነው የምናገረው፤ አንብቢላቸው።

አባቴ፣ ለልጅዎ በሬዎን ሊሰጡ ተነሥተዋል። እንዲህ ያለ አባት ስንት ነው? ግን በሬውን ከመስጠት በፊት በቀን አንድ ሰዓት ይስጧት። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ማንም እንዳይጠራት። በዚያ ሰዓት ውኃውን ወንድሞቿ ይቅዱ። ጀሪካን ወንድ ልጅን አያዋርድም። ቤተሰቡ ሁሉ ለትምህርቷ እንደሚጨነቅ አውቃለሁ፤ ግን በየቤቱ ያየሁት ይህ ነው። ለሴት ልጅ ከብት መሸጥ ይቀላል፣ ከማጀት ማስወጣት ይከብዳል። እኔ ራሴ ከዚያ ከተማ የተመለስኩ ዕለት ማታ ማጀት ነበርኩ። ደብተሬን እስከ ሳምንቱ አልገለጥኩም። የግድ ገንዘብ ማውጣት አለብኝ ካሉ ደግሞ አንድ በግ መሸጥ ይበቃል። በሶላር የሚሠራ መብራት፣ ያገለገለ እንግሊዝኛ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ የቆዩ ፈተናዎች ፎቶ ኮፒ። ሌላ አያስፈልጋትም።

ወደ አጎትሽ ልመለስ። ግማሹ እውነት ነው። እንግሊዝኛ ተምሮ የሚወጣ ብዙው ሰው አስተማሪ ይሆናል፤ የአስተማሪ ደመወዝም ትንሽ ነው፣ ኖሬበታለሁ። ግን በዚያው እንግሊዝኛ ኋላ ላይ ትርጉም ሠራሁ፣ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ጻፍኩ፣ ልጆቼን አሳደግሁበት። ጥሩ አድርጎ የሚጽፍ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል። አካውንቲንግ የተማረ ሁሉም ሥራ አላገኘም። ደግሞም ዛሬ መወሰን የለብሽም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ነው የምትወስጂው፣ ትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። አጎትሽን በአክብሮት ስሚያቸው፣ ክርክሩን ግን ለዚያ ጊዜ አቆዪው።

የቃላት ዝርዝሩን ለጓደኛሽ መልሺላት። ቃልን ከነዐረፍተ ነገሩ ካልያዝሽው በሳምንቱ ይጠፋል። ከየምንባቡ አምስት ቃል ይበቃሻል።

ቴሌግራም ላይ "ፈተናው ወጥቷል" የሚል ካየሽ ዝጊው።

ትምህርት ቤታችሁ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ጽፈሻል። ያ ያንቺ ጥፋት አይደለም። 38ቱን ስታዪው ይህንንም አብረሽ እዪው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የደብተርሽን ሦስት ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ በአማርኛ የጻፍሻቸውን ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገሮችና በእርሳስ ያሰመርሽባቸውን መስመሮች ማየት እፈልጋለሁ። አርሜ እመልስልሻለሁ። ይህን ጽሑፍ ግን ዛሬ ማታ፣ አባትሽ በሬውን ይዘው ገበያ ከመውጣታቸው በፊት፣ ወንድሞችሽ ባሉበት አንብቢላቸው።