ሲቪላይዜሽን 6፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሥልጣኔን ከጥንት ጀምሮ በየዙሩ የሚያሳድጉበትን ይህን የኮምፒውተር ጌም ከወጣበት ከ2016 ጀምሮ እጫወተዋለሁ። ከፍተኛው ደረጃ ዲይቲ ላይ አንዳንዴ አሸንፋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ተደብድቤ እወጣለሁ። «ጀማሪ የሆናችሁ ጠይቁኝ» ብል ጥያቄው ጎረፈ። ራይዝ ኤንድ ፎል እና ጋዘሪንግ ስቶርም የተባሉት ሁለቱ ማስፋፊያዎች እንዳሏችሁ ቆጥሬ፣ ቁጥሮቹንም በስታንዳርድ ፍጥነት ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ፕሪንስ በሚባለው መካከለኛ የክብደት ደረጃ ነው የምጫወተው። 150ኛው ዙር ላይ ስደርስ ሁሉም በሳይንስ ጥለውኝ ይሄዳሉ። 3 ከተማና 4 ዎንደር (በዓለም አንድ ብቻ የሚሠራ ታላቅ ግንባታ) አለኝ፣ ከተሞቼም ትልልቅ ናቸው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋትህን ራስህ ጽፈኸዋል፤ 3 ከተማ። አንድ ከተማ ካምፓስ፣ ማለትም ሳይንስ የሚያመነጨውን የከተማ ክፍል (ዲስትሪክት)፣ መሥራት የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ 3 ከተማ ያለው ሰው የቱንም ያህል ቢያሳድጋቸው ከ3 ካምፓስ አያልፍም፤ 9 ከተማ ያለው ጎረቤትህ ግን 9 ይሠራል። በዚህ ጌም ትንንሽ ብዙ ከተሞች ከጥቂት ግዙፍ ከተሞች ይበልጣሉ።

ሒሳቡን እንየው። ስቶንሄንጅ የሚባለው ዎንደር 180 ፕሮዳክሽን (የከተማው የሥራ አቅም) ይበላል። የመጀመሪያው ሴትለር (አዲስ ከተማ የሚተክለው ሰፋሪ) 80፣ ሁለተኛው 110 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 190። አንድ ዎንደር ለመሥራት ስትል ሁለት ከተማ አስቀርተሃል ማለት ነው። ሌላው ቀድሞህ ከሠራው ደግሞ ዎንደሩንም አላገኘኸውም። እኔም ስጀምር እንዳንተው ነበርኩ፤ የሚያምር ዋና ከተማ ይዤ፣ ዙሪያዬን ሌሎች ከበውኝ፣ የምሰፍርበት መሬት ሲያልቅ ነው የነቃሁት።

አሁን 100ኛው ዙር ሳይደርስ 8 ወይም 10 ከተማ እንዲኖረኝ እሞክራለሁ። ለዚህ ኮሎናይዜሽን የሚባለው የፖሊሲ ካርድ ትልቅ እገዛ ነው፤ ለሴትለር የሚውለውን ፕሮዳክሽን 50 በመቶ ይጨምራል። የሚገኘው ኧርሊ ኢምፓየር ከሚባለው ሲቪክ (በባህል ነጥብ የሚከፈት እውቀት) ነው። አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ ሴትለር ሲወጣ ከተማው አንድ ነዋሪ ይቀነስበታል፤ አንድ ነዋሪ ብቻ ያለው ከተማም ሴትለር ማውጣት አይችልም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋን ከተማ የት ልትከል? ጥሩ ቦታ ስፈልግ 6 ዙር ያህል እዞራለሁ።

መልስ፦ 6 ዙር በጣም ብዙ ነው። ከአንድ፣ ግፋ ቢል ከሁለት ዙር በላይ አትዙር። መጀመሪያ የምታየው ውሃ ነው። ወንዝ ወይም ሐይቅ አጠገብ የተተከለ ከተማ በ5 ሃውዚንግ (ለነዋሪ የሚሆን ቦታ) ይጀምራል፣ የባሕር ዳርቻ ላይ 3፣ ውሃ በሌለበት 2 ብቻ። ሃውዚንግ ሲጠብ የነዋሪው እድገት ይንቀራፈፋል። ወንዝ ዳር ፕሌንስ በሚባለው ሜዳ ላይ ያለ ኮረብታ ካገኘህ ደግሞ ዓይንህን አትሽ፤ የከተማው ማዕከል ከ2 ምግብ ጋር 2 ፕሮዳክሽን ይሰጥሃል፣ በሌላው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ 1 ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 30 ዙሮች ያቺ አንድ ፕሮዳክሽን ቀላል አይደለችም።

ጥያቄ፦ ባርባሪያኖች (አገር የሌላቸው ወራሪዎች) አሳበዱኝ። ገና ሁለት ከተማ ሳልይዝ ፈረሰኞቻቸው ማሳዬን ሲያቃጥሉ ነው የምውለው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ላጥፋቸው?

መልስ፦ አታጥፊያቸው እህቴ፤ አሠራራቸውን ካወቅሽ ይጠቅሙሻል። የባርባሪያኖቹ ካምፕ መጀመሪያ ስካውት (ቃኚ) ይልካል። ስካውቱ ከተማሽን ሲያይ ራሱ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ይወጣል። ከዚያ ወሬውን ይዞ ወደ ካምፑ ይሮጣል፤ ጦሩ የሚጎርፈው ካምፑ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራሽ መንገድ ላይ እሱን መግደል ነው። ካመለጠሽም ካምፑን ራሱን ቶሎ አፍርሺው፣ ወርቅም ታገኚበታለሽ።

ለዚህ ስል ዋሪየሬን (የመጀመሪያውን ተዋጊዬን) ሩቅ አልሰድም። ከስካውት ቀጥሎ ስሊንገር (ወንጭፈኛ) አወጣለሁ፣ ካርዱንም ዲሲፕሊን አደርጋለሁ፤ ባርባሪያን ላይ 5 የውጊያ ኃይል ይጨምራል። በስሊንገር አንድ ጠላት ከገደልሽ ደግሞ የአርቸሪ (የቀስት ቴክኖሎጂ) ዩሬካ ይከፈትልሻል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ ልጄ ነው ያስጀመረኝ። አሁን የጠቀሱት ዩሬካ ምንድን ነው? እሱ ቴክኖሎጂ ሲያገኝ ከእኔ በጣም ይፈጥናል።

መልስ፦ የልጅዎ ምስጢር እሱው ሳይሆን አይቀርም። እያንዳንዱ ቴክኖሎጂ ማለት ይቻላል አንድ ትንሽ ተግባር አለው፤ ተግባሩን ከፈጸሙ ከምርምሩ 40 በመቶው በነፃ ይሞላልዎታል። ለራይቲንግ ሌላ ሥልጣኔ ማግኘት ይበቃል፣ ለከረንሲ የንግድ መስመር መክፈት፣ ክራፍትስማንሺፕ ለሚባለው ሲቪክ ደግሞ 3 ታይል (የካርታው ቁራሽ መሬት) ማልማት። 3 ታይል ማለት የአንድ ቢልደር (መሬት የሚያለማው ሠራተኛ) ሙሉ ዕድሜ ነው። ቴክኖሎጂው ላይ ጠቋሚውን ሲያሳርፉ ተግባሩ ተጽፎ ያገኙታል። ዩሬካው ሳይከፈት ምርምሩ ከግማሽ በላይ ከደረሰ ለጊዜው ያቁሙትና ሌላ ይጀምሩ፤ የተሠራው አይጠፋም። ልጅዎን ሲያሸንፉት ግን እኔ እንደነገርኩዎት እንዳያውቅ።

ጥያቄ፦ ዲስትሪክት መቼ ነው የምሠራው? ሁልጊዜ ውድ ነው።

መልስ፦ ውድ የሚሆንብህ ስለምትዘገይ ነው። ቴክኖሎጂና ሲቪክ በጨመርክ ቁጥር የዲስትሪክት ዋጋ ይወጣል፤ መሬት ላይ ካስቀመጥከው ቅጽበት ጀምሮ ግን ዋጋው ይቆለፋል። ስለዚህ እንደተፈቀደልህ ቦታውን ያዝና ወደ ሴትለርህ ተመለስ፣ ግንባታውን በኋላ ትጨርሰዋለህ። የመጀመሪያው ዲስትሪክት በ1 ነዋሪ፣ ሁለተኛው በ4፣ ሦስተኛው በ7 ይፈቀዳል።

ቦታ ስትመርጥ ለካምፓስ ተራራ ፈልግ፤ እያንዳንዱ አጎራባች ተራራ 1 ሳይንስ ይጨምራል፣ ሪፍ (የባሕር ኮራል) ወይም ጂኦተርማል ፊሸር (እንፋሎት የሚወጣበት ስንጥቅ) ከሆነ 2። ታይሉ ላይ ደን ካለ መጀመሪያ በቢልደር ቁረጠውና ፕሮዳክሽኑን ውሰድ፤ ዲስትሪክቱን ዝም ብለህ ብታስቀምጥበት ደኑ በከንቱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በሳይንስ እየመራሁ፣ ሮኬት ልልክ ጥቂት ሲቀረኝ ድንገት «ተሸንፈሃል» አለኝ። ማን እንዳሸነፈኝ እንኳ አልገባኝም።

መልስ፦ ሃይማኖት ሳይሆን አይቀርም። ከተሞችህ ውስጥ ሲመላለሱ የነበሩትን ሚሲዮናውያንና ሐዋርያት ንቀህ አልፈሃቸው ይሆናል። አንድ ሃይማኖት በሁሉም ሥልጣኔ ከግማሽ በላይ ከተሞችን ከያዘ ባለቤቱ ያሸንፋል፣ አንድ ጥይት ሳይተኩስ። ሮኬትህን አይጠብቅም።

ደጉ ነገር «በሁሉም» የሚለው ነው፤ አንተ ብቻህን ካልተያዝክ ማሸነፍ አይችልም። የራስህ ሃይማኖት ካለህ ኢንኩዊዚተር (የሌላውን ሃይማኖት ከከተማ የሚያስወግድ) አውጥተህ ከተሞችህን አጽዳ። ከሌለህ ጦርነት አውጅና ሰባኪዎቹን በተራ ወታደር አስወግዳቸው፤ ጨካኝ መፍትሔ ነው፣ ግን ይሠራል። በየ10 ዙሩ የድል ሰሌዳውን ክፈት፤ እኔም ይህን ልማድ ያመጣሁት ልክ እንዳንተ ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ሥልጣኔ ይሻላል?

መልስ፦ ሮም፣ በትራጃን። አዲስ ከተማ ሁሉ ሞኑመንት (ባህል የሚሰጥ ሐውልት) ይዞ ይወለዳል፣ የንግድ ክልል ውስጥ ከሆነም ከዋና ከተማው ጋር መንገድ ይዘረጋለታል። መስፋፋትን የሚሸልም ስለሆነ ጥሩ ልማድ ያስይዛል።

ጥያቄ፦ ከፕሪንስ ወደ ቀጣዩ ደረጃ፣ ወደ ኪንግ ልውጣ?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ በተለያየ የድል ዓይነት ካሸነፍክ ውጣ። ፕሪንስ ላይ ኮምፒውተሩ ጉርሻ የለውም፤ ከኪንግ ጀምሮ ግን ተጨማሪ ፕሮዳክሽን፣ ወርቅ፣ ሳይንስና የውጊያ ኃይል ይሰጠዋል። አይበልጥህም፣ ቀድሞ ይነሳል እንጂ። ዲይቲ ላይማ በ3 ሴትለር ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ምንም ሳላደርጋቸው ጎረቤቶቼ 40ኛው ዙር ላይ ጦርነት ያውጁብኛል። በተለይ ሴትለር ላይ ሳተኩር።

መልስ፦ ምንም ሳታደርግ ስለሆነ ነው! ሠራዊትህ ባዶ መሆኑን ያያሉ። ሦስት አርቸር (ቀስተኛ) ብዙ ጎረቤት ያስታግሳል። ገና በተዋወቃችሁበት ዙር ደግሞ 25 ወርቅ ከፍለህ ልዑካን ላክ፤ ቆይተህ ብትልክ ላይቀበሉህ ይችላሉ። ፊታቸው ሲፈካ ወዳጅነት ጠይቃቸው፤ ከተስማሙ ለ30 ዙር ሊወጉህ አይችሉም፣ አንተም እንደዚያው። በዚያ 30 ዙር ውስጥ ሦስት ከተማ ትተክላለህ።