የካውንስል ምርጫ ውጤት ሲወጣ ከዋርዳችሁ ጀምራችሁ አንብቡ

ልጆቼ፣

እንግሊዝ አገር የካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) ምርጫ የሚደረገው በሜይ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። አርብ ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ የምታገኙት ዜና ያው የተለመደው ነው። ገዢው ፓርቲ ተመታ፣ ተቃዋሚው አንሰራራ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቆያሉ ወይስ ይወርዳሉ። ስለ ሰፈራችሁ አንድም ቃል የለም። ብዙዎቻችሁም እዚያው ላይ ትተዉታላችሁ።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚህ አገር ካውንስል ቢሮዎች ውስጥ ነው። በምርጫ ሌሊትም ከቆጣሪዎቹ ጋር ብዙ አምሽቻለሁ። ከዚያ ሥራ ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር አለ፤ የካውንስል ምርጫ ውጤት የሚገባው ከዋርድ፣ ማለትም የካውንስሉ አባላት ከሚመረጡበት ትንሽ የምርጫ ክልል፣ ተነስቶ ላነበበው ሰው ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩ የእናንተ መሆኑን ልብ በሉ። ለንደን ላላችሁ አብዛኛውን የካውንስል ሥራ የሚሠራው አንድ የቦሮ (የክፍለ ከተማ) ካውንስል ነው። ሊድስ፣ ሸፊልድ፣ በርሚንግሃምና ማንችስተርም እንዲሁ አንድ ካውንስል ነው ያላቸው። ገጠር ቀመስ በሆኑ ብዙ አካባቢዎች ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ትምህርት ቤት፣ መንገድና የአረጋውያን እንክብካቤ የካውንቲው፣ የሰፊው አካባቢ ካውንስል፣ ነው። ቆሻሻ ማንሳት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቤት ጉዳይና ካውንስል ታክስ መሰብሰብ ደግሞ የዲስትሪክቱ፣ በውስጡ ያለው ትንሹ ካውንስል። አባታችሁ ከለንደን ውጭ ታክሲ የሚነዱ ከሆነ ፈቃዳቸውን የሚያድሰው ካውንስል ነው። ጥገኝነቷ ጸድቆላት ከሆቴሉ ውጪ የተባለች እህታችን ሻንጣዋን ይዛ የምትሄደው ወደ ካውንስሉ የቤት ቢሮ ነው። ማኅበራችን አሮጌ መጋዘን ገዝቶ ቤተ ክርስቲያን ላድርገው ሲል ማመልከቻው የሚገባው እዚያው ነው። ከበድ ያለውን ጉዳይ የሚወስነው ፕላኒንግ (የግንባታ ፈቃድ) ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ላይ የሚቀመጡትም ያን ሐሙስ የተመረጡት ካውንስለሮች፣ የካውንስሉ አባላት፣ ናቸው።

ቆጠራውን ቀርቦ ያላየ ሰው ውጤቱ ደረቅ ቁጥር ይመስለዋል። አዳራሹ ብዙ ጊዜ የስፖርት ማዕከል ነው። ኮሮጆው ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚቆጠረው የወረቀቱ ብዛት ነው፤ ከምርጫ ጣቢያው መዝገብ ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በየዕጩው ተለይቶ በላስቲክ ይታሰራል። የዕጩዎቹ ወኪሎች ከጠረጴዛው ማዶ አንገታቸውን አስግገው እያንዳንዷን ወረቀት ይከታተላሉ። መንካት ግን አይፈቀድላቸውም። አጠራጣሪዎቹ ለብቻ ይቀመጣሉ። ኤክስ ማድረግ ሲገባው ራይት ያደረገ አለ። ከሳጥኑ ውጪ ምልክት ያደረገም አለ። ኃላፊው አንድ በአንድ እያነሳ ለሁሉም ያሳያል። የመራጩ ሐሳብ ግልጽ ከሆነ ድምፁ ይቆጠራል። ስሙን የጻፈበት ወይም ከተፈቀደለት በላይ ሰው የመረጠበት ግን ይወድቃል። በአንዲት ወረቀት ላይ ያን ያህል ሰው ጎንበስ ብሎ ሲከራከር ብታዩ «የኔ ድምፅ ምን ይለውጣል» ማለት ይከብዳችኋል።

ደግሞ ይለውጣል። በ2017 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ሳውዝ ብላይዝ በሚባል ዋርድ ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ አገኙ። ተደግሞ ቢቆጠርም ያው እኩል ሆነ። ሕጉ በዚህ ጊዜ ዕጣ ይውጣ ነው የሚለው፤ ገለባ ተመዘዘና የሊበራል ዴሞክራቷ ዕጩ አሸነፉ። ኮንሰርቫቲቮች ከ67 ወንበር 33 ይዘው ቀሩ። ምክር ቤቱን ብቻቸውን ለመያዝ የጎደላቸው አንዲት ወንበር ነበረች። ያን ሐሙስ ከቤቱ ያልወጣ አንድ ደጋፊያቸው ቢወጣ ኖሮ ገለባ መምዘዝ አያስፈልግም ነበር።

ሌላው ሁሌም የማነሳው ውጤት የሚድ ሳፎክ ዲስትሪክት ነው። ስቶውማርኬትና አይ የሚባሉት ትንንሽ ከተሞች ያሉበት፣ ቀሪው እርሻና መንደር የሆነ አካባቢ ነው። በሜይ 2023 በመላው እንግሊዝ ያኔ አገሪቱን ይገዙ የነበሩት ኮንሰርቫቲቮች ከ1,000 በላይ ወንበር አጡ። የዜናው ርዕስ በሙሉ እሱ ነበር። በዚያው ምርጫ ግን ሚድ ሳፎክ ላይ ግሪን ፓርቲ ከ34 ወንበር 24ቱን ወሰደ። ፓርቲው በአገሪቱ ታሪክ አንድ ምክር ቤት በአብላጫ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው። ከላይ ያየ ሰው «መንግሥት ስለተጠላ ነው» ብሎ ያልፋል። እሱም እውነት አለው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ግሪኖቹ በ2019 ምርጫ 12 ወንበር ይዘው ነበር። በመካከሉ ባሉት አራት ዓመታት ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ጎርፍ፣ መንደሩ ጥግ ላይ ስለሚሠራው ቤት የሚሟገቱ ካውንስለሮች ነበሯቸው ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ አይ የተባለችውን ከተማ የሚያካትተው የዌቭኒ ቫሊ ወንበርም ለግሪኖቹ ሆነ። ይህን ከአርብ ጠዋቱ ርዕስ አታገኙትም፤ የዋርዶቹን ውጤት ከምርጫ ምርጫ እያስተያየ ለሚያነብ ሰው ግን ቀድሞ ይታየዋል።

ካውንስሉ ድረ ገጹ ላይ የየዋርዱን ውጤት ያወጣል። የዕጩዎች ስም፣ ያገኙት ድምፅ፣ ስንት ወረቀት እንደተጣለ፣ ብዙ ጊዜም ከተመዘገበው ሰው ስንት በመቶ እንደወጣ ይጻፋል። ከአሸናፊው ስም በፊት ያቺን በመቶ እዩ። በእነዚህ ምርጫዎች ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ከወጣ የተለመደ ነው። ከዚያ በአሸናፊውና በተከታዩ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ለምሳሌ በ60 ድምፅ ቢበላለጡ፣ ያ ማለት ለአንድ የእድር ስብሰባ የሚመጣ ሰው ነው። ዋርዱ ሦስት ወንበር ካለው ደግሞ አንድ መራጭ እስከ ሦስት ዕጩ ይመርጣል። ድምፁን ደምራችሁ የመራጩን ብዛት አገኘን እንዳትሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ማንም አብላጫ ካላገኘ ነገሩ በዚያ ሌሊት አያልቅም። ፓርቲዎቹ ይደራደራሉ፤ መሪውና ኮሚቴዎቹ የሚታወቁት በኋላ በሚደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ የሚከለክላችሁ የለም።

መንግሥት በዲሴምበር 2024 ካውንቲና ዲስትሪክት የሚለውን ክፍፍል አስቀርቶ በአንድ ካውንስል ለመተካት ዕቅድ አውጥቷል። ዲስትሪክት የሚለው ስም በብዙ ቦታ ሊጠፋ ይችላል፤ ዋርድና ካውንስለር ግን አይጠፉም።

አሁን ስለ እኛ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው በዚህ ምርጫ አይመርጥም። ጎረቤቱ ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ ግን አገራቸው የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ይመርጣሉ። ይህ ብዙ ወላጆቻችንን ለዓመታት ከምርጫ ጣቢያ አርቋቸዋል። ዜግነት ከወሰዱ በኋላም ልማዱ አልቀረም። እናንተ እዚህ ተወልዳችሁ ወይም ዜግነት ወስዳችሁ መብቱ በእጃችሁ እያለ ያንኑ ልማድ መውረሳችሁ ያሳዝነኛል። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ስለዚህ ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ተመዝገቡ። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ በሁለቱም አድራሻችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ካውንስሎቹ የተለያዩ ከሆኑ በካውንስል ምርጫ በሁለቱም ትመርጣላችሁ። ከ2023 ጀምሮ ጣቢያው ላይ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርትም መንጃ ፈቃድም ከሌላችሁ የመራጭ መታወቂያ በነፃ ይሰጣችኋል። እናታችሁንም አብራችሁ አስመዝግቡ፤ ቅጹን በእንግሊዝኛ ለመሙላት ፈርተው ይሆናል የተዉት።

ከእናንተ መካከል መወዳደር የሚያስብ ካለ ደግሞ ዕድሜው 18 መሙላት አለበት። ለፓርላማ እንደሚደረገው በመያዣነት የሚያዝ ገንዘብ የለም። ከዋርዱ መራጮች ሁለት ሰው ይፈርሙለታል። ቅጹ በእጅ የሚሰጥ ነው፤ ከምርጫው 19 የሥራ ቀን በፊት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ካውንስሉ ቢሮ መድረስ አለበት። በፈረንጆቹ 4 ሰዓት ማለት ነው።