ማዕበሉን የሠራው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የጋብሪየል ዜቪንን «ነገ፣ ነገም፣ ደግሞም ነገ» የተሰኘ ልብ ወለድ በቅርቡ አንብቤ ጨረስኩ። ሳምና ሴዲ በልጅነታቸው በቪዲዮ ጌም ተዋውቀው፣ ካደጉ በኋላ አብረው ጌም ሲሠሩ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያ ሥራቸው ከተሳካ በኋላ «የማን ነው?» በሚል ለዓመታት መኮራረፋቸው አናደደኝ። እኔ ራሴ ጌም ተጫውቼ አላውቅም። ስኬቱን አብረው ለሚቋደሱ ጓደኛሞች የስም ጉዳይ ይህን ያህል ያጣላል? ደግሞስ እንዲህ እየተዋደዱ ለምን ፍቅረኛሞች አልሆኑም?

መልስ፦ ኩርፊያቸው እኔንም በመጀመሪያው ንባቤ አናዶኝ ነበር። በሁለተኛው ንባቤ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ፤ ምክንያቱን ለማስረዳት «ኢቺጎ» በተሰኘው የመጀመሪያ ጌማቸው መክፈቻ ላይ ካለው ማዕበል መነሣት ይሻላል።

ኢቺጎ ማዕበል ጠርጎ የወሰደው፣ አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚያደርገውን ጉዞ የሚከተል ጌም ነው። ለመልኩ መነሻ ከሆኑት አንዱ የጃፓናዊው ሠዓሊ የሆኩሳይ ታዋቂ የሞገድ ሥዕል ነው። በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤም.አይ.ቲ. የምትማረው ሴዲ ውኃውና ብርሃኑ ልብ የሚነካ እንዲሆን ኢንጂኑን፣ ማለትም በጌሙ ውስጥ ብርሃን እንዴት እንደሚያርፍና ነገሮች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚወስነውን የፕሮግራም መሠረት፣ ራሷ ልትሠራው ብዙ ደከመች፤ ያሰበችውን ያህል ግን አልሆነላትም። በመጨረሻ የተጠቀሙት መምህሯ የነበረውና በፍቅር ግንኙነታቸው የጎዳት ዶቭ የሠራውን ኢንጂን ነው። ወደዚያ የገፋፋት ሳም ነበር፤ ከዓመታት በኋላም ሳም ይህን ያደረገው የእርሷንና የዶቭን ግንኙነት እያወቀ ነው ብላ ስታምን ቁስሉ እንደገና ያመረቅዛል።

እንግዲህ ማዕበሉን የሠራው ማን ነው? ኮዱን የጻፈችው ሴዲ ናት? ኢንጂኑን የሰጠው ዶቭ ነው? ወይስ መንገዱን የመረጠው ሳም? በልብ ወለድ ሽፋን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ደራሲ ስም ይቀመጣል፤ አንባቢም ዓረፍተ ነገሩ የማን እንደሆነ አይጠራጠርም። በጌም ግን ተጫዋቹ የሚሰማው ፍርሃት ወይም ደስታ የሚመነጨው ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ሕጉና ኮዱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፤ ስፌቱን ፈትቶ ድርሻን መለየት ሠሪዎቹም ራሳቸው አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን «ዱም» የተሰኘ ጌም ለምሳሌ ይውሰዱ። ጆን ካርማክ ኢንጂኑን ጻፈ፤ ጆን ሮሜሮ ደግሞ ደረጃዎቹ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድ በአንድ የሚያልፋቸው የጌሙ ስፍራዎች፣ የሚሠሩበትን መሣሪያ አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን ክፍል አብዛኞቹን ደረጃዎች ራሱ ነደፈ። ተጫዋቹ ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ፍርሃት ከሁለቱ የማንኛው ነው? ሁለቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በሥራ ተለያይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የአታሪ ኩባንያ የሠሪዎቹን ስም በጌሞቹ ላይ አያወጣም ነበርና፣ ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» በተሰኘው ጌሙ ውስጥ ምሥጢራዊ ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ደበቀ። ስም በቀላሉ በሚጠፋበት ሙያ ውስጥ ስምን መፈለግ ከንቱ ውዳሴን መሻት ነው ለማለት እቸገራለሁ።

በልብ ወለዱም የሆነው ይኸው ነው። ጓደኛሞቹ ሕፃኑን ወንድ ወይም ሴት ብለው አልለዩትም ነበር፤ ለገበያ ሲቀርብ ግን ወንድ ሆነ። ሕዝቡም ሕፃኑን ከሳም ጋር አመሳሰለው፤ መድረክ ላይ መቆም የሚሆንለት ሳም የጌሙ ፊት ሲሆን፣ ሴዲ በገዛ ሥራዋ ረዳት ተደርጋ መታየት ጀመረች። ሳም ስሟን ሰርቋል ማለት አይቻልም፤ ዓለም ለእርሱ ሲያደላ ግን በበቂ ድምፅ አላረመም። እኔ በዚህ ረገድ ለሴዲ አደላለሁ።

ከዚህ በላይ ግን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ ይህ ጓደኝነት ከመነሻው ሒሳብ ያቆሰለው መሆኑን ነው። ሳም በልጅነቱ በመኪና አደጋ እግሩ ተሰባብሮ ሆስፒታል በተኛበት ወቅት ከማንም ጋር አይነጋገርም ነበር፤ አፉን ያስከፈተችው ታማሚ እኅቷን ልትጠይቅ የመጣችው ሴዲ ስትሆን፣ «ሱፐር ማሪዮ» እየተጫወቱ ወዳጅ ሆኑ። ሴዲ ግን የአይሁድ ልጆች ወደ ኃላፊነት ዕድሜ ሲገቡ ለሚፈጽሙት ሥርዓት የበጎ አድራጎት አገልግሎት ይጠበቅባት ነበርና፣ አብረው ያሳለፉትን ጊዜ በወረቀት ላይ ታስመዘግብ ነበር፤ 609 ሰዓት ደረሰ። ሳም ይህን ሲያውቅ ስጦታ የመሰለው ነገር ምጽዋት ሆነበት፤ ለዓመታትም ተለያዩ። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ድርሻቸውን ሲቆጥሩ ያየንባቸው እነዚህ ሰዎች፣ መቆጠር ምን ያህል እንደሚያም በልጅነታቸው የተማሩ ናቸው። ለዚህ ነው ጠቡ ከስም በላይ የሆነው፤ ሁለቱም የሚጠይቁት «ከእኔ ጋር የሆንከው ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ሥራው?» ብለው ነው።

ፍቅረኛሞች ያልሆኑበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ሴዲ የምትሰጠው መልስ፣ ከልብ አብሮ የሚሠራ ሰው ከፍቅረኛ ይልቅ ብርቅ ነው የሚል ሐሳብ አለው። አንዳንዶች ይህን ሽሽት ይሉታል። እኔ ግን አምናታለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ እርስ በርስ የማይደባበቁበት ብቸኛው ቦታ የሥራ ጠረጴዛቸው ነው። ቁጣቸውንና ናፍቆታቸውን በቃል መናገር ሲያቅታቸው ጌም ሠርተው ይነጋገራሉ።

ጥያቄ፦ የመጽሐፉ ርዕስ ከየት የመጣ ነው? (ከሌላ አንባቢ)

መልስ፦ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ከሼክስፒር «ማክቤዝ» ነው። ማክቤዝ የሚስቱን ሞት ሲሰማ፣ ነገ በነገ ላይ እየተጎተተ ሰውን ወደ መቃብር ከመንዳት ሌላ ትርጉም እንደሌለው ይናገራል። የሳምና የሴዲ ጓደኛ ማርክስ ግን ቃሉን ገልብጦ ያነበዋል፤ በጌም ውስጥ የሞተ ተጫዋች እንደገና ይጀምራልና፣ ለእርሱ «ነገ» ማለት የማያልቅ ዕድል ነው። ሁለተኛውን አጋማሽ ላላነበቡ ስል ከዚህ አልቀጥልም፤ ይህን ቃል የተናገረው ማርክስ መሆኑን ግን አይርሱ።