ዋርሶ ያለው ፕሩደንሺያል ሕንፃ በ1944 ለምን አልወደቀም?

ጠያቂያችን፣ የለጠፉት ፎቶ ላይ ከባድ ጥይት የፈነዳበት ሕንፃና ዛሬ «ሆቴል ዋርሻቫ» የሚባለው አንድ ነው ወይ፣ ከሆነስ እንዴት ቆሞ ቀረ ብለዋል። አዎ፣ አንድ ናቸው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕንፃውን ከ1931 እስከ 1933 ያሠራው ፕሩደንሺያል የተባለው የእንግሊዝ ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ቁመቱ 66 ሜትር፣ 16 ፎቅ ሲሆን ታችኛው ክፍል ቢሮ፣ ላይኛው ቅንጡ መኖሪያ ነበር። አርክቴክቱ ማርቺን ቫይንፌልድ ናቸው። የጥያቄዎ መልስ ያለው ግን ስትራክቸሩን ከቬንቼስዋፍ ፖኒዥ ጋር ባሰሉት በስቴፋን ብሪዋ ሥራ ውስጥ ነው። ብሪዋ ካቶቪጼ በምትባለው የፖላንድ ከተማ ያለውን ባለ 14 ፎቅ የብረት ሕንፃም ያሰሉ፣ በብየዳ የተገጣጠመ የመኪና ድልድይ በመንደፍም ቀዳሚ የሆኑ መሐንዲስ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቺካጎ ያለው የሞናድኖክ ሕንፃ ሰሜናዊ ግማሽም 16 ፎቅ ነው፤ ጭነቱን የተሸከመው ግን የጡብ ግድግዳው ስለሆነ ከሥር ውፍረቱ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከታች አንድ ቦታ ላይ በሰፊው ከተበሳ በላዩ ያለው ሁሉ ተከትሎት ይወርዳል። ፕሩደንሺያል ላይ ግን የሚሸከሙት የብረት ኮለንና ቢም ናቸው። ጡቡ ሙሌት ብቻ ነው፤ እኛ አገር ኮለኑ ከቆመ በኋላ በብሎኬት እንደምንሞላው ማለት ነው። ሙሌቱ ቢረግፍ ሕንፃው ይራቆታል እንጂ አይወድቅም።

ነሐሴ 1 ቀን 1944 ከተማዋን በያዙት ጀርመኖች ላይ የዋርሶ አመፅ ሲጀመር የፖላንድ ባንዲራ እዚያ ላይ ተሰቀለ፤ በከተማው ከሁሉ የረዘመው እሱ ስለነበር ከሩቅ ይታያል፣ ለጀርመን መድፍም ጥሩ ዒላማ ነው። ፎቶው ሲልቬስተር ብራውን ነሐሴ 28 ቀን ያነሱት ነው። ጥይቱ የተተኮሰው የአፈሙዙ ስፋት (ካልበሩ) 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነው «ካርል» ከተባለ የጀርመን ሞርታር ሲሆን የጥይቱ ክብደት ወደ 2 ቶን ይደርሳል። ፎቶው ላይ ሕንፃው የተናደ የሚመስለው በአቧራና በጭሱ ምክንያት ነው። አጽሙ፣ ማለትም የብረት ኮለኑና ቢሙ፣ አልተናደም።

ለምን? አንደኛ፣ ለስላሳ ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም የፍንዳታውን ጉልበት ይውጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ኮለን ቢጎዳ እንኳ ቢሞቹ በደንብ ከተያያዙ ጭነቱ ወደ ጎረቤት ኮለኖች ይዞራል። ሦስተኛ፣ ግድግዳው ሲበሳ የፍንዳታው ግፊት ወደ ውጭ ስለሚወጣ አጽሙ ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው እሳትን ነው። ብረት 550 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። ኮለን በአርማታ ወይም በጡብ የሚሸፈነው ለዚሁ ነው፤ ሽፋኑን ፍንዳታ ካራገፈውና እሳት ከተከተለ አደጋው ያኔ ይከፋል። ስለዚህ ከጦርነት የተረፈ አጽም ሲመረመር ስንጥቅ ማየት አይበቃም። ኮለኖቹ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ማለታቸው በቴዎዶላይት (በቀያሾች የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ) ይለካል፣ መጋጠሚያዎቹ ይፈተሻሉ፣ የጎበጠው ተቆርጦ ይተካል።

ብሪዋ ይህን አላዩም። ጥይቱ ከማረፉ ዘጠኝ ወር ገደማ አስቀድሞ፣ በታኅሣሥ 1943፣ ጀርመኖች ረሽነዋቸዋል። የሠሩት አጽም ምን ያህል እንደተሸከመ ሳያውቁ መቅረታቸው ያሳዝናል።

ከጦርነቱ በኋላ ቫይንፌልድ ራሳቸው በዚያው አጽም ላይ በሶሻሊስት ዘመን ስልት ሆቴል አደረጉት፤ በ1954 ተከፈተ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቶ፣ ለዓመታት ከታደሰ በኋላ በ2018 እንደገና ሥራ ጀመረ። አሁን የሚያዩት ፊት የ1930ዎቹን መልክ እንዲመስል የታደሰ ነው። ስለዚህ ከፎቶው ጋር ሲያስተያዩ ልስኑንና ጌጡን ትተው የኮለኖቹንና የመስኮቶቹን አደራደር ይቁጠሩ።