ማዘርቦርድ ተቀይሮ ዊንዶውስ «አክቲቬት አይደለሁም» ሲል፦ ጥያቄና መልስ ከድሬ

ሰላም ለሁላችሁ። እንዳልኩት ዛሬ ማታ ጥያቄ ክፍት ነው። ድሬ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በብዛት የሚመጣልኝ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ነው። ቦርዱ ይቀየራል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ከዚያ ዊንዶውሱ ፍቃድ የለኝም (አክቲቬት አይደለሁም) ይላል። የምመልሰው ስለዚህ ብቻ ነው። ጠያቂዎችን በሰፈራቸው ወይም በከተማቸው ስም እጠራለሁ። ስትጠይቁ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ የቀየራችሁትን ዕቃና ስክሪኑ ላይ የወጣውን የስህተት ቁጥር ጻፉ።

ከሳቢያን፦ አቦ እንዴት ነህ? የዴስክቶፔ ቦርድ ተቃጥሎ ሌላ አስገባሁ። ሃርድ ዲስኩ የድሮው ነው። ዊንዶውስ 10 ፕሮ፣ መጨረሻው ኤፍ 211 የሆነ ስህተት ይሰጠኛል። ፋይሎቼ አሉ፣ የሄደው ፍቃዱ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ኤፍ 211 ማለት ሃርድዌሩ እንደተቀየረ ማይክሮሶፍት አውቋል ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 አክቲቬት ሲሆን ከማሽንህ ክፍሎች አንድ መለያ ይሠራና ኩባንያው ሰርቨር ላይ ያስመዘግበዋል። ራም ብትጨምር ወይም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ብትተካ ብዙ ጊዜ ምንም አይልም። ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ማሽኑ ለሱ ሌላ ማሽን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1607 ከሚባለው እትም ጀምሮ ፍቃዱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ቦርዱ ሳይቃጠል በፊት አካውንትህን አስገብተህ ከነበረ፣ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈት፣ ትራብልሹት በል፣ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን ምረጥ፣ በዚያው አካውንት ግባ። የማሽኖችህ ዝርዝር ይመጣል፣ የያዝከውን መርጠህ አክቲቬት በል። የአድሚኒስትሬተር መብትና ኢንተርኔት ያስፈልግሃል። አካውንት አስገብተህ የማታውቅ ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሁላችሁም ስሙኝ፦ አካውንቱ የሚገባው ቦርዱ በሕይወት እያለ ነው!

ከመጋላ፦ ላፕቶፔ አክቲቬት አልሆን አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ዊንዶውስ? ምን ቀየርክ? ቁጥሩስ? ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከለገሃር፦ እኔ በካርቶን የተገዛ ባለ 25 ፊደል ኪይ (የፍቃድ ቁጥር) አለኝ። አዲሱ ቦርድ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ለብቻው የተገዛ ሪቴል ከሆነ ይሠራል፣ ወደ ሌላ ማሽንም ይዛወራል፣ በአንድ ጊዜ ግን አንድ ማሽን ላይ ነው። አሮጌው ማሽን አሁንም የሚሠራ ከሆነ ኪዩን መጀመሪያ ከዚያ አንሳ። ኪይ ቀይር በሚለው ቦታ አስገባው። ሆምና ፕሮ የተለያዩ የዊንዶውስ ዓይነቶች ናቸው፤ የሆም ኪይ ፕሮን አይከፍትም፣ የተጫነው የትኛው እንደሆነ ቀድመህ እይ።

ከከዚራ፦ ከጅቡቲ በኩል የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ጠጋኙ ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የወጣ ቦርድ ገጠመልኝ። በፊት አክቲቬት ነበር፣ አሁን የለም። ፍቃዴ የት ገባ?

መልስ፦ ይሄ ድሬ ላይ በየቀኑ የሚገጥም ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የታወቁ ፋብሪካዎች ላፕቶፕ ሲሠሩ ኪዩን ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ፣ ቦርዱ ላይ ያስቀምጡታል። ኦኢኤም የሚባለው ፍቃድ ይሄ ነው። በውሉም ከዚያ ማሽን ጋር የታሰረ ነው፣ ቦርዱ ሲጣል ኪዩም አብሮ ተጣለ። የተገጠመልህ ቦርድ ግን የራሱን ኪይ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሆም ኪይ ኖሮት አንተ ላይ የተጫነው ፕሮ ከሆነ አይገናኙም፣ ሆም ብትጭን ግን ባዮሱን አንብቦ ራሱ አክቲቬት ሊሆን ይችላል። መጨረሻው ኤፍ 213 የሆነ ስህተት ካየህ ደግሞ ማሽኑ ላይ ምንም ኪይ አልተገኘም ማለት ነው። አምራቹ ራሱ በዋስትና ጊዜ ቦርድ ከቀየረልህ ነገሩ ሌላ ነው፣ ፍቃዱ ይቀጥልልሃል፣ እነሱን ጠይቅ። ጠጋኞችም ካላችሁ እዚህ፦ አሮጌውን ቦርድ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ፣ የፍቃዱን ዓይነት አይታችሁ ለደንበኛው ንገሩት። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ስላሽና ዲ-ኤል-አይ ጻፉ። ሪቴል፣ ኦኢኤም ወይም ቮልዩም (ለመሥሪያ ቤቶች በጅምላ የሚሰጠው) መሆኑ ይወጣላችኋል። ይህን ያላየ ጠጋኝ ፍቃዱ ይመለሳል ብሎ ቃል ሊገባ አይገባም።

ከአሸዋ፦ ሰዎች ምን ያደክማችኋል? ድሬ ላይ ዊንዶውስ የሚገዛ ማነው? ያለ ፍቃድ በሚከፍት ፕሮግራም ክራክ አድርጉና ተገላገሉ።

ከሐረር፦ ወንድሜ፣ እኛ ጋ አንድ ሱቅ በክራክ የጫነልን ማሽን ሁሉም ፋይል ተቆልፎበት ገንዘብ ጠይቆናል። ተገላገልን አልልም።

ከአሸዋ፦ ያ ከፍላሽ የመጣ ቫይረስ ነው። በውጭ ካርድ ካልሆነ መክፈል የማይቻልበት አገር ላይ ምን አማራጭ አለን?

ከሳቢያን፦ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ አለ አይደል እንዴ? ነፃ ነው።

ከአሸዋ፦ ሒሳብ የምንሠራበት ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አይሄድም አቦ።

መልስ፦ ቆዩ። ስለ ካርዱ የአሸዋው ወንድማችን እውነት አለው፣ ችግሩን አውቀዋለሁ። ክራኩን ግን እኔ አልጭንም፣ ጫኑም አልልም። አብዛኛው ክራክ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀውን ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር በውሸት ሰርቨር ማታለል ነው። እውነተኛው ኬኤምኤስ እንኳ የሚሰጠው 180 ቀን ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ክራኩ ሥራውን እንዲሠራ መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ ይልሃል፣ አንተም ማን እንደጻፈው ለማታውቀው ፕሮግራም የአድሚኒስትሬተር መብት ትሰጠዋለህ። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከፍላሽ መጣ ከሌላ ቦታ በምን ታውቃለህ? በሕግም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ማሽን ገዝታችሁ «ኦሪጅናል ነው» ከተባላችሁ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከላይ ለከዚራው የሰጠሁትን ትእዛዝ በዲ-ኤል-አይ ፈንታ በኤክስ-ፒ-አር ጨርሳችሁ ጻፉ። የሚያልቅበት ቀን ካሳያችሁ ቋሚ ፍቃድ አይደለም። ብር ከሌላችሁ ደግሞ አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ አይዘጋም። ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ ዎልፔፐርና ቀለም ከሴቲንግ መቀየር ይከለክላችኋል፣ ሥራችሁን ግን ትሠራላችሁ። ከክራክ እሱ ይሻላል። የሊኑክስ ክርክር ለሌላ ቀን።

ከሐረር፣ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ የኔ ከዚህ የባሰ ነው። ቦርዱ ከተቀየረ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ እንኳ አልገባም። ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር አስገቢ ይለኛል። የዓመቱ ሒሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ማንም ፎርማት እንዳያደርግብሽ! ይሄ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ነው፣ ከፍቃዱ ጋር አይገናኝም። ዲስክሽ ተመስጥሯል፣ የሚከፍተው ቁልፍ ቦርዱ ላይ ያለ ቲፒኤም የሚባል ቺፕ ውስጥ ነበር፣ እሱም ከአሮጌው ቦርድ ጋር ሄዷል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቢ ሳይነግሩሽ ዲስኩን ይመሰጥሩታል፣ ያን ጊዜ ግን ቁጥሩንም አካውንትሽ ላይ ያስቀምጡታል። በስልክሽ ወደዚያው አካውንት ገብተሽ የማሽኑን ሪከቨሪ ኪይ፣ ማለትም ያንን ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ፈልጊ። ስክሪኑ ላይ ያለው የኪይ መለያ ከዚያው ጋር መግጠም አለበት። ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ጠይቂ። አሮጌው ቦርድ አልተጣለም ከሆነ እንዳይጣል፣ ቢጠገን እንኳ ተስፋ አለው። ያለ ቁጥሩ እከፍታለሁ ለሚልሽ ሰው ብር አትስጪ። ሌሎቻችሁ፣ ቦርድ ልታስቀይሩ ስትሄዱ ቢትሎከርን አስቀድማችሁ ሰስፔንድ አድርጉ (ለጊዜው አቁሙት)፣ 48ቱን አኃዝ ወረቀት ላይ ጻፉ። ጠጋኛችሁ ይህን ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።

ከመጋላ፦ ቦርድ ቀይሬ ነበር። አሁን ዊንዶውሱ አክቲቬት አልሆንም አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለሳቢያኑ ልጅ የመለስኩትን አንብብ። የስህተት ቁጥሩን አሁንም አልጻፍክም።

ከገንደ ቆሬ፦ ቦርድ የሚያቃጥለው የድሬ ሙቀት ነው እንጂ መብራት አይደለም ይባላል። እውነት ነው?

ከሐረር፦ እኛ ደጋ ላይ ነን፣ የኛስ ለምን ይቃጠላል ታዲያ?

መልስ፦ ሁለቱም ነው። አቧራውን አስጠርጉ፣ ስታቢላይዘር ግዙ። ወደ ፍቃዱ እንመለስ።

ከሳቢያን ሌላ፦ ኦፊስም አብሮ ፍቃዱ ጠፋብኝ።

መልስ፦ የኦፊስ ፍቃድ ለብቻው ነው። ዛሬ አልገባበትም።

ከከዚራ፦ ዊንዶውስ 10 ግን አብቅቶ የለ እንዴ?

መልስ፦ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ አክቲቬሽኑ ግን ይሠራል።

ከለገሃር፦ እኔ ቦርድ አልቀየርኩም። ኮምፒውተሩ ብዙ ቆይቶ ሲከፈት ቀኑ ወደ ኋላ ሄዷል፣ አክቲቬሽንም ኢንተርኔትም እምቢ አለኝ።

መልስ፦ የቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ቀይር፣ ቀንና ሰዓቱን አስተካክል፣ እንደገና ሞክር። ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር አይችልም። ለዚህ ፎርማት እንዳታስደርግ።

ከሳቢያን፦ አቦ ሞከርኩት። አካውንቴ ገባ፣ ግን ዝርዝሩ ላይ ዴስክቶፕ ብለው የሚጀምሩ ሁለት ማሽኖች አሉ፣ ከኋላቸው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። የቱ ነው የኔ?

መልስ፦ ሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለውን ክፈት፣ የማሽንህ ስም እዚያ ተጽፏል። ዲስኩ የድሮው ስለሆነ ስሙም የድሮው ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ጋር ይገጥማል። አሁን የምጠቀምበት ይሄ ነው የሚለውን ምልክት አድርግና አክቲቬት በል። ሲያልቅ ማሽኑን የምታውቀው ስም ስጠው።