94 ትራክ ይዞ ለመጣው ልጅና ለጓደኞቹ

ልጆች፣

ሰሞኑን አንዳችሁ ላፕቶፑን ከፍቶ የሠራውን ዘፈን አሰማኝ። 94 ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዳ 94 ድምፅ። ከበሮው ብቻ 22 ነው። “ጋሼ፣ የቱ ይቀነስ?” አለኝ። መሃል ላይ ደስ የሚል ክራር ሰማሁና ማን እንደተጫወተው ጠየቅኩት። “አላውቀውም፣ ፋይሉን ልከውልኝ ነው” አለ። ያቺ መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ ድምፅ ስቀዳ ኖሬያለሁ። ሥራ ግራ ሲገባኝ የምመለስበት አንድ ዓመት አለ፤ የእንግሊዞች 1967። ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የዚያን ዓመት ጥር ላይ የቢትልስ ባንዱ ፖል ማካርትኒ ማታ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ከፍቶ የጥንቱን ጀርመናዊ አቀናባሪ የባኽን ኮንሰርቶ ያያል። አንድ ሰው ድምፅዋ ቀጭን የሆነች ትንሽዬ ትራምፔት ይነፋል። ፖል ስቱዲዮ ገብቶ ያቺ ነገር ምን እንደሆነች የቢትልስን ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲንን ጠየቀ። ማርቲን መሣሪያዋንም ሰውየውንም ያውቃል። ዴቪድ ሜሰን ይባላል። ጥር 17 ሜሰን ቢትልስ የሚቀዱበት ስቱዲዮ፣ አቢ ሮድ መጣ። የተጻፈ ነገር የለም። ፖል ኖታ አያነብም፤ እሱ ያንጎራጉራል፣ ማርቲን ወረቀት ላይ ያሰፍራል፣ ሜሰን ይነፋል። «ፔኒ ሌን» የሚባለው ዘፈናቸው መሃል ላይ የምትሰሙት ያ ነው። የሜሰን ክፍያ 27 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው ማርቲን ላይ ነው። ሰውየው ጊልድሆል የሚባል የለንደን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የተማረ ነው። ከቢትልስ በፊት ደግሞ የኮሜዲ ሸክላ ያሳትም ነበር። ኖታ የማያውቅ ልጅ ሲያንጎራጉርለት አልናቀውም። እርሳሱን አነሳ። የኛው ሙላቱ አስታጥቄም ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሙዚቃ ተምሮ፣ ክለብ ውስጥ ከካሪቢያን ልጆች ጋር ይጫወት ነበር። የኖታውንም የጆሮውንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው።

የካቲት 10 ደግሞ 40 የኦርኬስትራ ሰዎች ተጠሩ። «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የሚባለው የቢትልስ ዘፈን ውስጥ 24 ሚዠር (የሙዚቃ ምት መስፈሪያ) ባዶ ቦታ ነበር። ማርቲን ኖታው መነሻ ላይ መሣሪያው የሚችለውን ዝቅተኛ ድምፅ፣ መድረሻው ላይ ከፍተኛውን ጻፈ። መሃሉ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ። ትእዛዙም ከታች ወደ ላይ ተንሸራታችሁ ውጡ፣ ጎረቤታችሁን አትስሙ የሚል ነው። ዕድሜ ልኩን ጎረቤቱን እንዲሰማ የሰለጠነን ሰው! ሙሉ ልብስ ለብሰው የመጡት ሰዎች አፍንጫቸው ላይ ቀይ ኳስ ተደረገላቸው። የቫዮሊኖቹ መሪ ኤሪክ ግሩንበርግ በመጫወቻ የጎሪላ መዳፍ ደጋኑን ያዘ። ቀልድ ይመስላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያፍታታቸው ያ ነው።

ይሄ ሁሉ የሆነው በ4 ትራክ ማሽን ነው። ሲሞላ ታደባልቁና ወደ ሌላ ቴፕ ትገለብጣላችሁ። ከዚያ ወዲያ ከበሮውን ብቻ ልቀንስ ማለት የለም። እኔም አዲስ አበባ በወጣትነቴ በ4 ትራክ ካሴት ስሠራ መሰንቆውን ከድምፁ ጋር ገለበጥኩት። በማግስቱ ስሰማው መሰንቆው ዘፋኙን ውጦታል። ቴፑ ተደምስሷል፣ ብሩም አልቋል። ካሴቱ እንደዚያው ወጣ። ታክሲ ውስጥ ሲከፈት “ወራጅ አለ” ብዬ ሰፈሬ ሳይደርስ የወረድኩበት ቀን አለ።

የዚያን ዓመት ሌላውን ወሬ በችኮላ ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ የእንግሊዟ ንግሥት ስኔፕ የሚባል የእንግሊዝ መንደር የብቅል መሥሪያ የነበረ ቤት የኮንሰርት አዳራሽ ሆኖ መረቀች። በሁለት ዓመቱ ተቃጠለ፣ በዓመቱ መልሰው ከፈቱት። ነሐሴ ላይ ከመርከብ የሚያሰራጩት ሬዲዮኖች በሕግ ታገዱ፤ መስከረም 30 የፖፕ ሙዚቃ ጣቢያው ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ተከፈተ። ዩቲዩብ ላይ ቁጥር እያያችሁ ለምትብሰለሰሉት ደግሞ፣ «ፔኒ ሌን» ያለበት ሸክላ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ አልወጣም። የኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ የፍቅር ዘፈን ሁለተኛ ላይ አስቀረው።

አንተ ባለ 94ቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስቱዲዮ ነኝ። ላፕቶፑን ይዘህ ና። ፋይሉን የላኩልህን ሰዎች ጠይቅና ክራር ተጫዋቹንም ፈልገው። ሻይ በኔ ነው። ከበሮውን እሱ ቁጭ ብሎ እየሰማ እንቀንሰዋለን።